የደጅ ጠኚዋ ፊት

ሰው ስለ ፍርሃቱ ማውራት ደስ ይለዋል። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ማለቴ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ፣ የታክሲ ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየኝ፣ የዳቦ ቤቷ ሻጭ መልስ መስጠቱን ረስታ፣ ሁሉም ያው አንድ ወሬ ነው የሚያወሩኝ። «ልጅ ሆኜ አንድ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚነበብ መጽሐፍ ነበር» ይላሉ። «ከዚያ የባሰ የሚያስፈራ ነገር እስከ ዛሬ አላነበብኩም።» አንዱ ሲመሽ መጽሐፉን በረንዳ ላይ አውጥቶ ድንጋይ ይጭንበት ነበር። ሌላዋ የመጨረሻውን ገጽ እንዳታየው ብላ እህቷን ለምና በሙጫ አስለጠፈችው፤ አለማየቱ ደግሞ ሲብስባት በምላጭ ከፈተችው። ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ የሚገባ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ዛሬም በር ገርበብ ብሎ ከተተወ እንቅልፍ እንደማይወስደው ሚስቱ አጠገብ ቆማ እየሰማችው ነገረኝ። ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች።

ኮሚኩ «ደጅ ጠኚዋ» ይባላል። የሣለው ባሌ ነው። ቀለሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት አለች። የሌሊት ልብስ ለብሳለች፣ ሻሿ ወደ አንገቷ ተንሸራቷል፣ ዐይኖቿ ግማሽ ተከፍተው ነጫቸው ብቻ ይታያል። አታንኳኳም፣ አትናገርም፣ ማንንም አታሳድድም። ሰው የተኛበት ክፍል ደጅ ላይ ትቆማለች። ሹመት እንደሚለምን ሰው ደጅ ትጠናለች። እሷ ስትሄድ የተኛው ሰው አይነሳም። በቃ፣ ይሄው ነው። ደም የለው፣ ጥርስ የለው፣ ጥፍር የለው። ባሌ ጥርስና ጥፍር የሚሥሉትን ባልደረቦቹን ይንቃቸው ነበር። «ውሻም ጥርስ አለው» ይል ነበር።

እኔ ጥላዬን የምፈራ ሰው ነኝ። ሳገባው ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚሥል መች አውቄ፤ ጥንቸልና ቀበሮ ነበር የመሰለኝ። ለነገሩ መጀመሪያ ላይ ጥንቸልና ቀበሮ ነበር። ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው ያንን አስቀያሚ ነገር ይዞ የመጣው። ሥራችን እንዲህ ነው፤ እሱ በእርሳስ ይሥላል፣ እኔ መስመሩን በብሩሽና በጥቁር ቀለም እከተላለሁ፣ ቀለሙ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ አጠፋለሁ። ማተሚያ ቤት የሚደርሰው የኔ መስመር ነው። የእሱ ከላጲሱ ፍርፋሪ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። «ስደክምበት የዋልኩትን በመጥረጊያ የምታወጣ ሚስት ሰጠኝ» እያለ ለሰው ያማኝ ነበር። ለብቻችን ስንሆን ግን «ቀለሜ» ነው የሚለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ብል አልዋሸሁም።

ታሪኩን ገና ሲነግረኝ ስለፈራሁ፣ ሥዕሉን እንዳላይ ዘዴ አበጀሁ። ወረቀቱን ገልብጬ፣ ራሱን ወደ ታች እግሩን ወደ ላይ አድርጌ መሥራት ጀመርኩ። የኔ ፈጠራ አይደለም፣ በሙያው ያለ ነገር ነው። ወረቀት ሲገለበጥ እጅ ሥዕሉን ትቶ መስመሩን ብቻ ይከተላል። ሌሎች ሲጨንቃቸው አንዳንዴ ያደርጉታል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አደረግኩት። የተገለበጠ ፊት ፊት መሆኑ ይቀራል። አፍንጫው ኩርባ ነው፣ ጉንጩም ኩርባ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ጭረት ነው። ዐይኖቹ ላይ ባሌ በእርሳስ «አትንኪ» ብሎ ይጽፍልኛል፣ ነጭ ሆነው እንዲቀሩ። እኔም አልነካም። ታትሞ ሲመጣ ደግሞ አልገልጠውም። ከነማሰሪያው ለጎረቤት ልጆች አድለዋለሁ። እናቶቻቸው እንዴት አድርገው ይራገሙኝ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

መንገድ ላይ ሰው ትክ ብሎ ያየኝ ነበር። ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ። ቆንጆ ስለሆንኩ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ሲያይሽ ሌላ ምን ታስቢያለሽ? አንድ ቀን አንድ ሕፃን አይቶኝ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። «ዐይን አፋር ነው መሰለኝ» ብዬ ጎንበስ አልኩና ጉንጩን ቆንጠጥ አደረግኩት። የጮኸው ጩኸት መንገዱን ተሻግሮ ፖሊስ አስመጣ።

ባሌ መርሳት የጀመረው በትናንሽ ነገር ነው። እርሳሱን በእጁ ይዞ እርሳሱን ይፈልጋል። ሳቅን። ቀጥሎ ጎረቤታችንን አናጢውን ሰላም ብሎ ሲያበቃ «ማን ነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ። አሁንም ሳቅን፣ ግን አነስ አድርገን። ከዚያ መሣል አቆመ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ጣቱን ወረቀት ላይ ይነዳል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሌለ መስመር አያለሁ። አንድ በአንድ ሰውን ሁሉ እየረሳ ሲመጣ፣ መጨረሻ ላይ ተራው እንደሚደርሰኝ አውቅ ነበር። አንድ ቀን «አንቺ ማን ነሽ?» እንደሚለኝ ለራሴ ነግሬ፣ ለዚያ ቀን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እንደሱ አላለኝም።

ጠዋት ነው። ታጥቤ ስመለስ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያደርጋል። ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ በዐይኔ አየሁት። ከዚያ ጮኸ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ መጮህ የሚችል አይመስለኝም ነበር። «ዞር በይ! ከደጁ ዞር በይ!» እያለ ተነስቶ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። እጀታውን ከውስጥ አንቆ ይዞ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። እኔም ከውጭ ቆሜ እያለቀስኩ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። ባልኩ ቁጥር ይብስበታል።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንበር አምጥቶ መኝታ ቤቱ በር ላይ ተተከለ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ ካልኩ ይጮኻል። ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ልብሴን ልጄ ናት ከመኝታ ቤት እያወጣች የምታመጣልኝ። ከኔ እጅ ውኃ እንኳ አይጠጣም። ልጄ ከሥራ ወጥታ ስትመጣ ነው አንድ ሁለት ጉርሻ የሚቀምሰው፤ እሱንም ዐይኑን ከኮሪደሩ ሳይነቅል። ጎረቤት ሲመጣ ሰላም ነው። ውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሲመጣ ሰላም ነው፤ እንደውም ወዳጁ መስሎት አቅፎ ሳመው። ከዓለም ላይ የሚፈራው እኔን ብቻ ነው። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ መጣ።

ልጄ የምታውቀው አንድ ሐኪም እቤታችን ድረስ መጣልን። ገና ወጣት ነው፤ ገና ሲገባ ግድግዳው ላይ ካለው የጥንቸል ሥዕል ሥር የባሌን ፊርማ አይቶ «አባባ እኮ የ‹ደጅ ጠኚዋ› ሠዓሊ ናቸው!» ብሎ ልጅ ሆነ። ወንድሙ ያንን ኮሚክ እያነበበለት አልጋ ላይ እንዴት እንደሸና ሳይቀር አጫወተን። ባሌን ኮሪደሩ ላይ መረመረው፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ከኩሽና እሰማለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ሳሎን ገባ። እኔም ሻይ ይዤ መጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ሐኪሙ ቀና አለ። የያዘው እስክሪብቶ ወደቀ። አላነሳውም።

«ይቅርታ እማማ» አለኝ፣ አንገቱ ሥር ላብ ችፍ ብሎ። «አባባ ለምን እርስዎን ብቻ እንደሚፈሩ ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ?» አልኩት።

ወደ ልጄ ዞረ። ልጄ መሬት መሬት ታያለች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «አታውቂም እንዴ? ሙች፣ አታውቂም? ትምህርት ቤት ‹የደጅ ጠኚዋ ልጅ› እያሉኝ አይደል እንዴ ያደግኩት? አንቺን ማለታቸው ነበር። መላው ሰፈር ያውቃል። ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። ሻዩን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ልጄ ቤቷ ያስቀመጠችውን አንድ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ፀሐይ በመስኮት ሙሉ እየገባ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጥኩት። እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ፤ የኔ እጅ ነው። የት ላይ ብሩሹን እንዳነሳሁ፣ የት ላይ እጄ እንደተንቀጠቀጠ አውቃለሁ። ፊቱንም አወቅኩት። ያ የግራ ቅንድብ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ልጅ ሆኜ ደረጃ ላይ የወደቅኩት። ከጆሮ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ፣ ባሌ ሁሌ በእርሳስ የሚያስቀምጣት፣ እኔም በብሩሽ ጫፍ ጠብ የማደርጋት። ተገልብጣ ሳያት ነጥብ ነበረች እንጂ የኔ ማርያም የሳመችኝ ምልክት መሆኗን መች አየሁ? በየገጹ ደጅ ላይ ቆሜአለሁ። የሕፃን ደጅ ላይ፣ የሽማግሌ ደጅ ላይ፣ የሙሽሮች ደጅ ላይ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያ ወረቀት ወጣትነቴን ከነሬሳው ይዞ ተቀምጧል።

ፈራሁ። ያን ያህል ዘመን ሳልፈራ ያመለጥኩትን ፍርሃት በአንድ ጊዜ ፈራሁት። ከዚያ ግን ተናደድኩ። ለካ ይሄ ሰውዬ እንዲህ ነው የሚያየኝ! አጠገቡ ስተኛ፣ ሲያመው ሳስታምም፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብሎ «ቀለሜ» ሲለኝ፣ ያየው የነበረው ይቺን ነው። እሷን ለዓለም አሳየ፣ ሰውም ተቀብሎ ፈራት፣ እኔ ደግሞ ቀለም እየቀባሁ አሳመርኩለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት አኮርፈው ነበር። አሁን የማኮርፈው ሰው የለም።

ቢሆንም ሞከርኩ። ፀጉሬን አሳጠርኩ፣ ቀይ አስቀባሁት። የልጄን ከንፈር ቀለም ተቀባሁ። ጥቁር መነጽር አደረግኩ። የአናጢውን ሚስት አበባ አበባ ያለው ቀሚስ ተውሼ ለበስኩ። በየተራ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ አልኩ፣ በየተራ ተጮኸብኝ። ቀዩን ፀጉር ያየ ቀንማ ጭራሽ ወንበሩን ከፊቱ እንደ ጋሻ ያዘ። አሁን እኔም ራሴን መሸሽ ጀመርኩ። የቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ ጋቢ ሰቀልኩበት። ደጅ ላይ መቆም ፈራሁ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሳልፍ በሩን እየሮጥኩ ነው የማልፈው፣ በዚህ ጉልበቴ። ሶፋው ላይ ተኝቼ በቀን ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ዐይኔ በደንብ መዘጋቱን በጣቴ ነክቼ አረጋግጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት ልጄ መጥታ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረች።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልወስደው ነው። የአረጋውያን ማቆያው ቦታ ሰጥቶኛል።»

«አይሆንም።»

«እዚህ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። አላየሽውም? አጥንት ነው የቀረው።»

«እዚያስ? ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር?»

«የማያውቃቸውን አይፈራም» አለችኝ። ወዲያው ባልተናገርኩ ብላ ምላሷን ነከሰች። እውነቷን ግን ነው። ቅዳሜ እስክትመጣ ከኔ እጅ አንድ ሳህን ከበላልኝ ልትተወው ቃል ገባችልኝ። ስትገባልኝ እንደማይሆን ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሾርባ ሠራሁ። የሚወደውን፣ ካሮቱ የበዛበትን። ሳህኑን በአንድ እጄ፣ ዳቦውን በሌላ እጄ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። የገዛ ፊቴን ይዤ፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ቀለም። ጮኸ። እኔም በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ አልተመለስኩም።

«ጩህ!» አልኩት። «እስኪደክምህ ጩህ! የትም አልሄድም!»

አንድ እርምጃ ስጠጋ እሱ ወንበሩ ላይ ቆመ። ሌላ እርምጃ ስጠጋ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ሸፈነው። የእጁን አጥንት ከቆዳው ሥር ቆጠርኩት። ሾርባው እንዳይፈስ ቀስ አልኩና እዚያው ኮሪደሩ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም፤ አለቀ ብዬ ነበር፣ ልጄ መጥታ ትውሰደው ብዬ ነበር።

ጩኸቱ ቆመ። ቀና ስል እያየኝ ነው። ደጅ ጠኚዋ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተቀመጠችም።

«ደከመሽ እንዴ?» አለኝ።

«ደከመኝ» አልኩት።

«ደጅ መጥናት ሲያደክም» አለ፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ። ከወንበሩ ላይ ወርዶ ተቀመጠበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ተኝታለች።»

«ማን?»

«አታውቂም ደግሞ! ቀለሜ ናታ።»

የበሩን እጀታ አየሁት። እጁን ከኋላው አድርጎ አሁንም ይዞታል። እንግዲህ እስከ ዛሬ ከኔ ተደብቆ መስሎኝ ነበር በሩ ላይ የሚቀመጠው።

«እሷን ፈልገሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለኝ። «አንዴ ወስደሻት አልነበር? ልጃችን የተወለደች ሰሞን፣ ትኩሳቱ ያቃጠላት ጊዜ። መድኃኒት ገዝቼ ስገባ ተኝታለች። ሻሿ ወርዷል። ዐይኗ ግማሹ ተከፍቶ ነጩ ብቻ። ጠራኋት፣ ዝም። ደግሜ ጠራኋት፣ ዝም። ፊቱ የሷ ነበር፣ ውስጡ ያለሽው ግን አንቺ ነበርሽ። ሕፃኗ ታለቅሳለች። እኔ ትከሻዋን ይዤ እየጮህኩ፣ እየጮህኩ፣ በመጨረሻ አስጣልኩሽ። እሷ አታስታውሰውም። ትንሽ አሞሽ ነበር ብያታለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ያለኝ እንደዚያ ነው። ትንሽ አሞሽ ነበር። ዕድሜ ልኬን ከዚያ በላይ አልነገረኝም።

«ታዲያ ለምን ሣልከኝ?» አልኩት።

«መልክሽን እንዳልረሳው ነዋ!» አለኝ፣ እንደዚህ ያለ የሞኝ ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ ሁሉ። «ተመልሰሽ ስትመጪ እንዳውቅሽ። ሰዉም ሁሉ እንዲያውቅሽ። ይኸው አሁን ሁሉን ነገር እየረሳሁ ነው፤ ስሜን ራሱ እረሳዋለሁ አንዳንዴ። ያንቺን ፊት ግን አልረሳሁም።»

ኮራ ብሎ ነው የተናገረው። እንደዚያ ኮርቶ ያየሁት የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመ ቀን ነበር። ተነስቼ አንገቱ ላይ ልጠመጠም፣ ወይ ደግሞ በጥፊ ላጮለው፣ የቱን እንደፈለግኩ ዛሬም አላውቅም።

«እኔ እኮ ነኝ» አልኩት። «እየኝ። ቀለሜ ነኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። እጁ እጀታው ላይ ጠበቀ። «በሷ ስም አትነግጂ» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ደግሜ አላልኩትም።

«እኔን ውሰጂኝ» አለ፣ እንደ ዋጋ ተከራካሪ ጠጋ ብሎኝ። «ዝግጁ ነኝ። እሷን ግን ተያት። ፈሪ ናት፤ ጥላዋን የምትፈራ ሰው ናት። ድንገት ነቅታ አንቺን ብታይ ልቧ ቀጥ ይላል። ሥዕሌን ራሱ አይታው አታውቅም። ገልብጣ ነው የምትሠራው፤ አላየኝም ብላ ነው የምታስበው። እኔም አልነገርኳትም።»

«አልወስዳትም» አልኩት።

«በምን አምንሻለሁ?»

«አንተ ሙት!» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ዕድሜ ልካችንን ስንማማል የኖርነው በዚህ ነበር፤ የወተቱን ምድጃ አጥፍተሻል? አንተ ሙት አጥፍቻለሁ። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ ግን ፊቱ ፈካ። ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻው ሲወርድ አየሁት።

«ደህና» አለ። «እሱ ያስማማናል።» እጁን ዘርግቶ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ።

ልጄ ባዶ ሻንጣ ይዛ ስትገባ እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሾርባውን ጨርሶ የሳህኑን ዙሪያ በማንኪያ እየጠረገ ነው። ልጄ ባለችበት ቆመች።

«አባዬ» አለችው፣ «ማን ናት እሷ?»

«አትፍሪያት» አላት። «ተነጋግረናል። እስከዚህም ክፉ አይደለችም።»

ኩሽና ውስጥ እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «ነገርሽው?»

«ነገርኩት። አላመነኝም።»

«ታዲያ እንዴት በላልሽ?»

«ደጅ ጠኚዋ ነኝ ብዬው።»

አለቀሰች። ትልቅ ሴት ናት፣ የራሷ ልጆች አሏት፣ እንደ ሕፃን ቅንድቧ ቀልቶ አለቀሰች። «እማዬ፣ እንደዚህ ሆነሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?»

«ባሏ የሚፈራት ሚስት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ እንዴ?» አልኳት። ሳቅ አላት፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። እኔም አብሬ። ሻንጣውን ባዶውን ይዛ ሄደች።

ወደ ኮሪደሩ ስመለስ ዳቦውን ለሁለት ከፍሎ ይጠብቀኛል። አንዱን ግማሽ በልቶታል። ሌላውን በመሐረቡ ላይ አስቀምጦታል።

«ይሄን አድርሺላት» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

ተነሳ። ወንበሩን ራሱ አንስቶ ወደ ጎን አደረገው። በሩን በገዛ እጁ ከፈተልኝ። ምን ያህል እንደከበደው ከትንፋሹ አወቅኩ። በአጠገቡ ሳልፍ ዐይኑን ጨፈነ።

ገባሁ፣ በሩን ከኋላዬ መለስ አደረግኩት። መጋረጃው ተዘግቷል። የኔ ጫማዎች አልጋው ሥር ጎን ለጎን፣ ሰው ሲነሳ እግሩን እንዲያስገባባቸው ሆነው ተቀምጠዋል። ራስጌው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ፣ ብናኝ እንዳይገባበት በወረቀት የተሸፈነ። በኔ በኩል ያለው የአልጋው ግማሽ ላይ ብርድ ልብሱ ተከምሯል። ተከምሯል ማለት ልክ አይደለም። ትከሻ አለው፣ ዳሌ አለው፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጓል። ዙሪያውን ብርድ እንዳይገባው እጥፍ እጥፍ ተደርጎ ተሸጉጧል። በእግሬ ጣት እየተራመድኩ እንደሆነ ያወቅኩት አልጋው ጋ ስደርስ ነው። የሚተነፍስ መሰለኝ። እግዜር ያውቃል፣ የሚተነፍስ መሰለኝ። እንዳትነቃ ፈራሁ፤ ነቅታ ፊቴን እንዳታየው ፈራሁ።

አልገለጥኩትም። አጠገቧ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ዳቦውን በላሁ። ደረቅ ነበር፣ በግድ ነው የወረደልኝ።

«በላች?» አለ ከበሩ ውጭ፣ በሹክሹክታ።

«በላች።»

«ጨረሰች?»

«ጨረሰች።»

ግንባሩን በሩ ላይ እንዳስደገፈ ተሰማኝ፤ እንጨቱ ሲጥ አለ።

«ምን አለች?»

ምን እንደምል አላሰብኩም። «‹እሱስ በልቷል ወይ?› አለች» አልኩት።

ሳቁን ሰማሁት። የድሮ ሳቁን፣ ከጠረጴዛው ማዶ የሚስቀውን።

«እሷ ናት» አለ። «እሷው ናት።»